የሕግ ላይብረሪያችን አዳዲስ ነገሮች (እና የአዋጅ ቁጥር 1/1987 ጉድ)

የጥራዝ ጠባቂ፦
ልጆች እንደምን ሰነበታችሁ። ላይብረሪው ውስጥ የተለወጡ ነገሮች ስላሉ እዚህ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። በሩ ላይ ለጥፌው ነበር፤ በማግስቱ አንድ ጀግና ገንጥሎ ጀርባውን የውል ሕግ ኖት ጽፎበት ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት።

ዋናው ዜና ሕጎቻችን የሚታወጁበት ነጋሪት ጋዜጣ ተመልሷል። ለጥረዛ ሄዶ የቆየው ማለቴ ነው። ከ1934 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያሉን ጥራዞች በሙሉ ከንባብ ክፍሉ በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ በየዓመታቸው ተደርድረዋል። ከ1987 ወዲህ ያለው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ ለብቻው በግራ በኩል ነው። አትቀላቅሉት። የዓመት ቆጠራው እንደ አዲስ የጀመረው እዚያ ስለሆነ አንድ ጥራዝ የራሱ ወዳልሆነው ሰፈር ከሄደ ለማግኘት ሳምንት ይፈጃል።

የሰበር ውሳኔ ቅጾች (የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸው) ከአሁን በኋላ ሾርት ሎን ናቸው፤ 3 ሰዓት ብቻ፣ እዚያው ውስጥ። ሰዓታችን በሥራ ቀን እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው።

ሌላው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ራሴ ሪፈረንስ ጠረጴዛው ላይ እቀመጣለሁ። የጠፋባችሁን አዋጅ፣ ደንብ፣ ውሳኔ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንፈልጋለን። እስካሁን ከመጡኝ ጥያቄዎች አብዛኛው «ሶኬቱ የት ነው» የሚል ነው።

ቸካዩ፦
እትዬ እናመሰግናለን። ሶኬቱስ ተሠራ?

የጥራዝ ጠባቂ፦
በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለቱ ይሠራሉ። ሌሎቹ አልተሠሩም። ሂድ አንብብ።

አንቀጽ 1723፦
ለዜናው እናመሰግናለን፤ ግን ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ የሰበር ቅጽ 3 ሰዓት ምን ይበቃል? የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው አንድ ውሳኔ ከሌላው ጋር እያመሳከረ ነው የሚያነበው። ሁለተኛ፣ መደርደሪያው ጠባብ ነው እየተባለ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ግን አሁንም አንድ ሙሉ ረድፍ ይዞ ተቀምጧል። አዲሱ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከወጣ በኋላ አሮጌው ለታሪክ ክፍል አይሆንም?

የጥራዝ ጠባቂ፦
ስለ 3 ሰዓቱ ልክ ነህ፤ ለአምስተኛ ዓመቶች ከአማካሪ የተጻፈ ወረቀት ካመጣችሁ እስከ ማታ እሰጣለሁ። ያጠበቅነው በክፋት አይደለም። ባለፈው የፈተና ሰሞን ቅጽ 4 ሁለት ቀን ሙሉ የአንድ ልጅ ክንድ ማስደገፊያ ሆኖ ነው የዋለው፤ ልጁ ተኝቶ ነበር።

የንግድ ሕጉን ግን አላነሳውም። አዲሱ አዋጅ የተካው ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን ክፍሎች ነው። ኢንሹራንስ የት አለ? ማጓጓዝስ? ሐዋላ ሰነድና ቼክስ? እዚያው በ1952ቱ ሕግ ሦስተኛና አራተኛ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው፤ እስካሁን ይሠራሉ። ረድፉን ባነሳው የኢንሹራንስ ሕግ አስተማሪያችሁ ነው መጀመሪያ ደጄን የሚያንኳኳው።

አንቀጽ 1723፦
ተሸንፌያለሁ እትዬ። ኢንሹራንስን ረስቼው ነበር፤ ለዚያውም ባለፈው ሴሚስተር ወስጄዋለሁ።

ሦስተኛ ወንበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ማክሰኞ እስኪደርስ መጠበቅ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጠይቅ። በሕገ መንግሥት ኮርስ ወረቀቴ ላይ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት «አዋጅ ቁጥር 1/1987» ብዬ ጠቅሼ፣ ከሥሩ አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ስለዚሁ አዋጅ ያለውን አስገባሁ። ጽሑፉም ቃል በቃል አዋጅ ቁጥር 1/1987 ይላል። አስተማሪዬ ሁለቱንም በቀይ አክብቦ «የትኛው አገር ነው?» ብሎ ጻፈብኝ። ሌላ ምንም የለም። ሁለት ቀን አሰብኩበት፣ አልገባኝም።

ቸካዩ፦
የፎንት ስህተት ይሆናል። መምህራን ቀይ እስክሪቢቶ ሲይዙ ደስ ይላቸዋል።

ጀማሪ ጠበቃ፦
የፎንት አይደለም ወንድሜ። ሦስተኛ ወንበር፣ ያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለ ሸንጎ፣ ስለ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ስለ ፕሬዝዳንቱ ሥልጣን ያወራል ወይ? ካወራ ችግሩ ተገኘ።

ሦስተኛ ወንበር፦
አዎ! ብሔራዊ ሸንጎ የሚል አለው። እኔ ምክር ቤቱን ለማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

ጀማሪ ጠበቃ፦
እንግዲያው ያንተ ጽሑፍ ሁለት ሕገ መንግሥት ነው የጠቀሰው። አዋጆቻችን በአማርኛው ሲጻፉ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝኛው ሲጻፉ በፈረንጆቹ ነው። ስለዚህ አንድ አዋጅ ሁለት ዓመት አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአማርኛ 213/1992፣ በእንግሊዝኛ 213/2000 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ የሚያምታታህ አይደለም፤ ቁጥሩ 213 ሆኖ ይቀራል፣ ዓመቱ ደግሞ 7 ወይም 8 ይራራቃል። አዋጅ ቁጥር 1 ላይ ግን ጉድ አለ። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ.፣ የአሁኑ ሕገ መንግሥት ማለት ነው፣ በአማርኛ 1/1987 ነው። የኢ.ሕ.ዲ.ሪ. (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዘመን) ሕገ መንግሥት ደግሞ በእንግሊዝኛ 1/1987 ነው! በእኛ አቆጣጠር 1980 ማለት ነው። ቁጥሩም ዓመቱም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ በመካከላቸው ግን አንድ ሙሉ መንግሥት ወድቋል።

ቸካዩ፦
ጉድ ነው። እኔም እንደዚያ ጠቅሼ አልፌያለሁ እኮ። ማንም አላየኝም።

የጥራዝ ጠባቂ፦
ጀማሪ ጠበቃ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ መደርደሪያው ላይ የት እንዳሉ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዓይቶ የማይረሳ ሰው ብዙ ነው። የኢ.ሕ.ዲ.ሪ.ው በቀኝ በኩል፣ በአሮጌው ነጋሪት ጋዜጣ 47ኛ ዓመት ጥራዝ ውስጥ ቁጥር 1 ነው፤ መስከረም 1980። የአሁኑ በግራ በኩል፣ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ 1ኛ ዓመት ቁጥር 1፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ዓመቱን ብቻ ብታዩ እንኳ 47ኛና 1ኛ አይምታቱም።

አሁን ልብ በሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1 ሁለት ብቻ አይደለም። የነጋሪት ጋዜጣውን የመሠረተው የ1934ቱ አዋጅም ቁጥር 1 ነው። ደርግም መስከረም 1967 ላይ ሲመጣ ከ1 ነው የጀመረው። መንግሥት ሲለወጥ የአዋጅ ቁጥር ከ1 ይጀምራል። ለዚህ ነው «እትዬ አዋጅ 47 አምጪልኝ» የሚለኝን ልጅ «የማንን?» የምለው። ልጆቹ እንዳፌዝኩ ይቆጥሩታል።

ሦስተኛ ወንበር፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ጠበቃም። ሁለት ቀን እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር በሁለት መስመር አለቀ። አሁን ስጠቅስ እንዴት ነው የማደርገው?

ጀማሪ ጠበቃ፦
የአዋጁን ስም፣ ቁጥር፣ ዓመት፣ ከዚያ የጋዜጣውን ዓመትና ቁጥር። ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አንዴ ከላይ አስታውቀህ እስከ መጨረሻው በዚያው ሂድ። ግማሹን በፈረንጅ፣ ግማሹን በእኛ አድርገህ የሰጠኸው ወረቀት በቀይ ቢመለስ ፈራጁ ላይ አትቆጣ።

ጡረተኛው ዳኛ፦
ልጆቼ፣ ይህን ውይይት የልጅ ልጄ ነች ያሳየችኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ አዋጅ 47 ስለተነሳ። እኔ በችሎት ሳለሁ የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው ማለት ነው፣ በየጊዜው ተመልሶ ይመጣል። አዋጁ ከወጣ አሥርት ዓመታት አልፎም የቤት ክርክር ሲመጣ መነሻው እሱ ይሆን ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት ጠበቃ ተነሥቶ በአዋጅ 47 ተከራክሮ ወረቀቱን አቀረበልን። ገልጠን ብናየው ቁጥሩ 47 ነው፤ ቤት የሚል ቃል ግን ከላይ እስከ ታች የለበትም። የሌላ መንግሥት 47 ነበር። ልጁ አቀርቅሮ ወጣ፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ትክክለኛውን ይዞ መጣ፣ ጥሩም ተከራከረ።

የ67ቱ 34ኛ ዓመት ቁጥር 41 ላይ ነው ያለው። የድሮዎቹን ጋዜጦች ስትከፍቱ ቁጥሩ በግዕዝ ነው። ፵፩ አርባ አንድ ነው። ፮ንና ፯ን አስተውላችሁ ካልለያችሁ አንድ ቁጥር ትስታላችሁ፤ በሕግ አንድ ቁጥር መሳት ብዙ ነው። እኛ ከልጅነት የተማርነው ስለሆነ ቀላል መሰለን፤ እናንተ ላይ መፍረድ አልችልም።

የጥራዝ ጠባቂ፦
ጋሼ ስለመጡ ደስ ብሎናል። የግዕዝ ቁጥሩን ከ፩ እስከ ፻ በአንድ ወረቀት ጽፌ መደርደሪያው ጎን ላይ ዛሬ እለጥፋለሁ። ገንጥላችሁ ኖት አትጻፉበት።

የማታ ተማሪ፦
እኔ የኤክስቴንሽን ተማሪ ነኝ፤ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የሚባለው ለእኛ እንደሌለ ቁጠሩት። ከክላስ ስንወጣ ላይብ ሊዘጋ ትንሽ ነው የሚቀረው። እውነቱን ለመናገር እኔ ሁሉንም ከኢንተርኔት ነው የማወርደው። አቢሲኒያ ሎው ላይ አዋጁም የሰበር ውሳኔውም አለ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ፒዲኤፍ ነው። በቅንነት እጠይቃለሁ፤ ለምንድነው አሁንም የጥራዝ አቧራ የምንበላው?

የጥራዝ ጠባቂ፦
በቅንነት ስለጠየቅህ በቅንነት ልመልስ። ከዚያ ማውረድህን አልቃወምም፤ እኔም አወርዳለሁ። ለመነሻ ግሩም ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር አይቻለሁ። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ፋይሎች ውስጥ ረቂቅ ሆነው የቀሩ አሉ፤ ከላይ «ረቂቅ» የሚለው ገጽ ተቆርጦ። ተማሪው የጸደቀ መስሎት ይጠቅሳል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው እንደገና የታየበውን ይለጥፋል፤ ሲታየብ «አይችልም» የሚለው «ይችላል» ይሆናል። ይህን አጋንኜ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሦስተኛ፣ ጋዜጣው ራሱ ከወጣ በኋላ ስህተቱን በሌላ ዕትም ያርማል፤ እርማቱ ግን ከፋይሉ ጋር አብሮ አይዞርም።

ለዚያ ነው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ 3/1987ን አንዴ አንብቡት የምለው። አጭር ነው፤ ሻይ እየጠጣችሁ ያልቃል። ማንኛውም የፌዴራልም የክልልም የሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና የዳኝነት አካል በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን ሕግ እንዲቀበል ያስገድዳል፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲጋጩም አማርኛው ያሸንፋል። ያ ማለት የመጨረሻው ቃል ያለው እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው።

ስለ ሰዓቱ ግን ልክ ነህ። ሐሙስን እስከ ማታ 3 ሰዓት እንድቀመጥ ኃላፊውን እጠይቃለሁ። ቃል አልገባም።

አንቀጽ 1723፦
በነገራችን ላይ እትዬ፣ አማርኛው ያሸንፋል ያልሽው ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲመጣ ሰው ያመነታበታል። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነው ያረቀቁት። አማርኛው ትርጉም ነው፤ እንግሊዝኛውም ትርጉም ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ምሁራኑ ወደ ፈረንሳይኛው ይሄዳሉ። ግን እኛ ጋ ፈረንሳይኛው አለ?

የጥራዝ ጠባቂ፦
አንድ አለ፤ ሽፋኑ የለውም፣ ከማይወጡት ጋር ካቢኔ ውስጥ ነው። እስካሁን የጠየቀኝ አንድ መምህር ብቻ ነው። ፈረንሳይኛ የማታውቁ ብትሆኑም ኑ፤ አንቀጹን አብረን በመዝገበ ቃላት እናያለን።

የማታ ተማሪ፦
ለሐሙሱ እናመሰግናለን። ሌላ ጥያቄ፤ አንድ ሙሉ የጋዜጣ ዕትም ፎቶኮፒ ማድረግ ይፈቀዳል ወይ? አንድ ላይብረሪ ውስጥ «ኮፒ ራይት አለው» ብለው ከልክለውኛል።

ጀማሪ ጠበቃ፦
የከለከሉህ ሰዎች ሕጉን ራሱን አላነበቡትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 አንቀጽ 5 ላይ ሕግ፣ አስተዳደራዊና የሕግ ነክ ይፋዊ ጽሑፎችና ይፋዊ ትርጉማቸው በቅጂ መብት አይጠበቁም። የመጽሐፍ ግን ሌላ ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ አድርገህ ብትሸጥ ራስህን ነው የምትከሰው።

የጥራዝ ጠባቂ፦
መብቱ አለህ፤ ጥራዙን ግን ኮፒ ማሽን ላይ አልፈቅድም። ለጥ አድርጎ ሲጫኑት ስፌቱ ይፈታል። በስልክ አንሣ። ገጽ ከመቀደድ ያድነናል፤ በየዓመቱ የሚቀደድ ገጽ አለን፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ፈተና ላይ የሚመጣው ራሱ ነው። አንድ ልጅ ቀድዶ ሲወጣ ያዝኩት፤ «ለመመለስ ነው» አለኝ። በምን? በሙጫ?

ቸካዩ፦
ያ ልጅ እኔ አይደለሁም፤ አስቀድሜ ልናገር።

አዲስ አበባ አካባቢ፦
እኔ የምቸገረው በአዋጅ አይደለም፤ በመመሪያ ነው። መሥሪያ ቤት ሄደህ «መመሪያው አይፈቅድም» ይሉሃል፤ መመሪያውን አሳዩኝ ስትል የለም። የክልሎችስ? የአማራ ክልል የሕግ ጋዜጣ በሆነው ዝክረ ሕግ ላይ ያለ አንድ አዋጅ ፈልጌ ሳምንት ሆነኝ። ላይብረሪው ያለው የተቆራረጠ ዓመት ነው።

ጀማሪ ጠበቃ፦
ለፌዴራል መመሪያ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን ያዝ። መመሪያ ሲወጣ መመዝገብና በድረ ገጽ መታተም አለበት ይላል፤ መዝጋቢው አሁን ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። «የት ተመዝግቧል?» ብለህ ብቻ ጠይቅ፤ የሰዎች ፊት ይለወጣል። በኛ ቢሮ ከክርክር ይልቅ ይህች ጥያቄ ብዙ ሥራ ጨርሳልናለች።

የጥራዝ ጠባቂ፦
የክልሉ ድክመታችን ነው፤ አልሸፍነውም። ዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያ መገለታ፣ የከተማው አዲስ ነጋሪ ጋዜጣ፣ ሁሉም አሉን፤ ሁሉም ግን ጥርሱ የወላለቀ አፍ ነው። አጥቢያችሁ ያሉ ፍርድ ቤቶች ወይም ምክር ቤቶች ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ትርፍ ዕትም ጠይቁልን። ዝክረ ሕጉን የምትፈልገው ግን የየትኛውን ዓመት ነው? ቁጥሩን ጻፍልኝ፤ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ የማውቃት አለች፣ ነገ እደውልላታለሁ።

አንቀጽ 1723፦
የሰበር ቅጾቹን በተመለከተ አንድ ምክር ለታናናሾቼ። መጀመሪያ ላይ ያለው ማውጫ ላይ በየርዕሱ አጭር መግለጫ አለ። ኤክዚት (የመውጫ ፈተናው) ሲደርስ ሁሉም ያንን ብቻ ነው የሚቸክለው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዚያ ቅጽ 5 ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር 23632 ውሳኔ ሙሉውን አነበብኩት፤ የሕፃን ጥቅምን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ጋር ያያያዘውን። መግለጫውን አንብቤ ገባኝ ብዬ የነበረው ግማሹ እንኳ አልነበረም፤ ችሎቱ እዚያ ለመድረስ የሄደበት መንገድ ነው ትምህርቱ። ከ5 ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ ትርጉም አስገዳጅ ነው ሲባል የሚያስገድደው ማውጫው አይደለም።

ጡረተኛው ዳኛ፦
ይህ ልጅ ይማራል።

ሦስተኛ ወንበር፦
ዛሬ ማክሰኞ ሄጄ ነበር። እትዬ ሁለቱንም ጥራዞች ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ጠበቀችኝ። 47ኛ ዓመት ቁጥር 1ን ሳገላብጥ ወረቀቱ ብጫ ሆኗል፤ አንዱ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ይህ እስከ መቼ?» ብሎ ጽፏል፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ወረቀቴን አስተካክዬ ሰጠሁ። አስተማሪዬ ሁለተኛውን ክብ አጥፍቶ የመጀመሪያውን ተወው፤ ለምን እንደሆነ ነገ እጠይቀዋለሁ።

እትዬ፣ መታወቂያዬን እዚያ የረሳሁ መሰለኝ።

የጥራዝ ጠባቂ፦
በ47ኛው ዓመት ጥራዝ ውስጥ እንደ ዕልባት አስገብተኸው ነው የሄድከው። መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እስከ ማታ 4 ሰዓት ና፤ ስትመጣ የመጀመሪያውን ክብም ይዘህ ና፣ ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጽፍ ቀርተህ ይሆናል።